ዳማችን ጨፋ የከረመበት በጋ

አባቴ ከሚሴ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበር። ባጃጅ መንገዱን ሳይሞላው በፊት፣ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሰውም እህልም ያመላልስ የነበረው በዳማ ፈረሱ ነው። ጠዋት ጠዋት የጋሪው ቃጭል ከደጃችን እየራቀ ሲሄድ እየሰማሁ አደግኩ። ያን ድምፅ አሁን ከተማው ውስጥ ብዙም አይሰሙትም።

አንድ በጋ አባቴ ከጋሪው ወድቆ እግሩ ተሰበረ። ደሴ ሆስፒታል ተኛ፤ ሲወጣም ለሕክምናው እንዲቀርብ እዚያው ታላቅ ወንድሜ ቤት ቆየ። እኔ ቀኑን ሙሉ ልብስ ስፌት ቤት ስለምውል ፈረሱን የሚያየው ሰው ጠፋ። ስለዚህ ጨፋ ሸለቆ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ለምትኖረው የአባቴ እህት ወሰድንላት። እሷ ጋ ሣር እንደ ልብ ነው። ደልቦ የሚጠብቀን መስሎን ነበር።

ሰንበትበት ብዬ፣ ስፌት ቤቱ በሚዘጋበት አርብ ልጠይቀው ሄድኩ። አክስቴ «አካም ጂርታ ልጄ» ብላ ተቀበለችኝ፤ ፊቷ ግን እንደ ወትሮው አልፈካም።

«ነይ እዪው። እኔስ አፍሬ ነው ያልደወልኩት።»

ግራር ሥር ቆሟል። ጎድኑ ገጥጦ፣ የዳሌው አጥንት ሾሎ፣ ያ የሚያብረቀርቅ ጠጉሩ ሻካራ ሆኗል። ስጠራው ጆሮውን ብቻ አነሳ። አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ።

«እንዲህ ያለ ሣር መሃል እንዴት ይከሳል?»

«ወላሂ አላውቅም። ያኝክና ይተፋዋል። ላሞቹም እየወጉ ያባርሩታል። መጋፋት መች ያውቅና! ወንድሜ በእጁ እያጎረሰ ነው ያሳደገው።»

ውኃ ስናቀርብለት ባልዲው ውስጥ ደም አየሁ። ከጨፋ ሮቢት የእንስሳት ሐኪም አስመጣን። አፉን ከፍቶ በባትሪ ሲያይ፣ ምላሱ ሥር ትልቅ አልቅት ተጣብቆ አገኘ። በጋ ላይ ወንዙ ሲጎድል፣ ከረግረጉ ሲጠጣ የገባ ነው። በወረንጦ መንጭቆ አወጣለት፤ የትል መድኃኒትም ሰጠው።

«አትቸኩሉ» አለን ሲሄድ። «እህል ባንዴ ካበዛችሁበት ሆዱን ይቆርጠዋል። ትንሽ ትንሽ፣ ደጋግማችሁ ስጡት።»

አክስቴ ከላሞቹ ለይታ አጠረችለት። ከዚያ ወዲያ ከጉድጓድ ውኃ በስተቀር ሌላ አላጠጣችውም። እኔ አርብ አርብ ፉርሽካ በሚኒባስ ጭኜ እሄዳለሁ፤ እሷ በውኃ አርሳ፣ ጨው ነስንሳ ታቀርብለታለች። ከእኔ ጋር በአማርኛ እያወራች ድንገት ወደ እሱ ዞር ብላ በኦሮምኛ «ኛዱ ፈርዳ ኮ» ትለዋለች፤ ብላ ፈረሴ ማለቷ ነው። «አባትሽ አማርኛ ብቻ እያወራው ነው የከሳው» ብላ ታስቀኛለች። እኔም የስፌት ሜትሬን በደረቱ ዙሪያ አዞርና እለካዋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ምንም ለውጥ አልነበረም። አንድ አርብ ግን ሜትሩ ካለፈው ሳምንት አልፎ ሲሄድ፣ አክስቴ እልል አለች።

አባቴ ሲደውል «ሀቁን ንገሪኝ፣ ጎድኑ ይቆጠራል?» ይለኝ ነበር። አልዋሸሁትም። አንድ ቀን «ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» አለኝና አፏጨ። ፈረሱ መብላቱን ትቶ ዞረ፤ ከኋላዬ አባቴን ፈለገ።

ክረምቱ ሳይገባ አባቴ በምርኩዝ እየተደገፈ መጣ። ፈረሱ ከሩቅ አሽካካ። አባቴ ጎድኑን ዳበሰ፣ ዳበሰና፣ «ማሻአላህ! አጥንትህን የት አደረስከው?» አለው።

አክስቴ የምንወስደው መስሏት ገመዱን ይዛ ቆማለች፤ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። አባቴ አያትና ገመዱን ተቀብሎ አጥሩ ላይ ሰቀለው።

«እኔ ከእንግዲህ ጋሪ ላይ የምወጣ ሰው አይደለሁም፣ እህቴ። እሱም ይረፍ። እዚሁ ካንቺ ጋር ይሁን፤ አርብ አርብ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

እንዳለውም ለዓመታት ከስግደት በኋላ አብረን እንሄድ ነበር። እሱና አክስቴ ሣሩ ላይ ተቀምጠው ስለ ልጅነታቸው ሲያወጉ፣ ዳማው ከኋላቸው ይግጣል። ዛሬ አባቴም ፈረሱም የሉም። አላህ ይዘንለትና፣ አመሻሽ ላይ በሚኒባስ ስንመለስ ትከሻዬ ላይ ያንቀላፋ ነበር፤ እኔም ሽርጡ ላይ የተጣበቀውን የፈረስ ጠጉር አንድ በአንድ እለቅም ነበር።