ጊዜያዊ የተባለው ምድብ

ከጀርባው «መሳቢያ» እንለው ነበር፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ አላፍርበትም። ሰውየው ያገኘውን ሁሉ ቦታ ቦታ ካላስያዘ እንቅልፍ አይወስደውም። ጠረጴዛው ውስጥ እስክሪብቶ ለብቻ፣ የራስ ምታት ክኒን ለብቻ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ እንኳ ለብቻ ነው።

ሥራውም ይኸው ነው። የመሥሪያ ቤታችን መረጃ የሚቀመጠው ክላውድ ላይ፣ ማለትም ከሩቅ ተከራይተን በኢንተርኔት በምንጠቀምባቸው ማሽኖች ላይ ነው። እዚያ ያለውን ሁሉ በምድብ በምድብ የሚያደራጀው እሱ ነው። አንድ ምድብ ከተሰረዘ በውስጡ ያለው በሙሉ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ «አብረው የሚሞቱትን ብቻ አንድ ላይ አድርጉ» እያለ ያደርቀናል። «ጊዜያዊ» የሚባለው ምድብ ለሙከራና ለረቂቅ ነው። በየሦስት ወሩ ይጸዳል፣ መጠባበቂያ ቅጂም የለውም። ደንቡን በገዛ እጁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል፦ «ጊዜያዊ፦ ሳትጠይቁ አጥፉ።»

ሚስቱ እዚሁ አሠልጣኝ ነበረች። የአዲስ ሠራተኞችን ትምህርት በድምፅ የምትቀርጸው እሷ ናት፤ እሱ ደግሞ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ መቅረጫውን ይይዝላታል። አሥራ አንድ ክፍል ጨርሳ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሳል አቋረጣት። «ይሄን ጊዜያዊ ውስጥ አስቀምጥልኝ፤ ሲሻለኝ እደግመዋለሁ» አለችው። አልተሻላትም። በአምስተኛው ወር ቀበርናት።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ላይ ማዳመጫውን ሰክቶ ያንን የተበላሸ ቅጂ ይሰማል። አንድ ቀን አንዱን ማዳመጫ ከጆሮው ነቅሎ ሰጠኝ። «የይለፍ ቃላችሁን ለማንም…» ትልና ትስላለች፣ ከዚያ ትስቃለች። «አንተ፣ በሩን ዝጋው እንጂ፣ ብርድ ገባኝ! ደግሞ አታፍጥብኝ፣ ሳቄን ታመጣዋለህ።» በቃ፣ ይኸው ነው። አርባ ሴኮንድ አይሞላም።

ጽዳት በደረሰ ቁጥር ያችን ፋይል አውጥቶ ሌላ ምድብ ውስጥ ያቆያትና፣ ጊዜያዊውን አጽድቶ ሲጨርስ መልሶ እዚያው ይከታታል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አደረገ። እኔ ደግሞ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ለምን አንዱ ቋሚ ምድብ ውስጥ አይተዋትም? ወይ ወደ ስልክዎ ይገልብጧት።»

«እደግመዋለሁ ብላለች እኮ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳያነሳ።

ቋሚ ቦታ ካስገባት አለቀ ማለት ነው። ረቂቅ እስከሆነች ድረስ ግን ሴትየዋ ገና የምትመለስበት ሥራ አላት። ይህ ገብቶኝ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም መግባቱ ነው።

ባለፈው ክረምት ኩላሊቱን ታሞ አንድ ሳምንት ተኛ። ጽዳቱ ሊደርስ ገና አሥራ ሁለት ቀን ይቀረው ነበር። አለቃችን መጣችና «ቦታው ሞልቷል፤ ጊዜያዊውን ዛሬ አጽጂልኝ» አለችኝ።

«ጋሼ እስኪመጣ ብንጠብቅስ?»

«ደንቡ ምን ይላል?» ግድግዳውን በአገጯ አመለከተችኝ።

ፋይሏ ትዝ አላለችኝም ብል ደስ ባለኝ። ትዝ ብላኛለች። እንደ ልማዱ አውጥቷት ይሆናል አልኩና፣ ከአራት መቶ ፋይል ውስጥ ለመፈለግ ሰነፍኩ። ማሽኑ እንኳ «እርግጠኛ ከሆንሽ የምድቡን ስም ጻፊ» ብሎ ጠይቆኛል። ጻፍኩ፣ ተጫንኩ፣ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ሰኞ ከስቶ ተመለሰ። ምሳ ሰዓት ደረሰና ማዳመጫውን ሰካ። ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ቆሙ።

«ማን ነው ያጸዳው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ! «ደንቡ ነው» አለ። ተነሥቶ ወደ ግድግዳው ሲሄድ ወረቀቱን የሚገነጥለው መስሎኝ ነበር። የተላቀቀውን ጥግ በአውራ ጣቱ ተጭኖ መልሶ አጣበቀው።

አሁን ምሳ ሰዓት ላይ አሥራ አንዱን ክፍል በየተራ ይሰማል። ትናንት የማይረባ ማጽናኛ አመጣሁ፤ «ድምጿ አለ እኮ፣ ጋሼ። ይሄኛው እንዲያውም ጥርት ያለ ነው።»

«ጥርት ያለ ነው» አለ። «እዚህ ላይ ግን የምትናገረው ለሁሉም ሰው ነው።»

ኮሪደሩ ላይ ነፋስ ነበር፣ በራችን ገርበብ ብሏል። ልዘጋው ብድግ ስል ክንዴን ያዘኝ።

«ተይው፣ እህቴ። እኔን ነው ያለችኝ» አለና ሄዶ ዘጋው።