ሲያልፉ የሚቆጠሩ ንስሮች

በመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ከሮሽ ሃዓይን ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ሰው ሁሉ አንገቱን ሰቅሎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ አንድ ጭላት ከራሳችን በላይ ብቅ አለ። እኔ ብድግ ብዬ እያጨበጨብሁ «እሽ፣ እሽ» ብዬ ጮኽሁበት። ምን ላድርግ? ጎንደር ሳለን ሥራዬ ጫጩት መጠበቅ ነበር፤ ጭላት ሲመጣ የሚደረገው ይኸው ነው። ወደዚያ የወሰደችኝ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህሬ ሣቋ ሲበርድላት፣ ሩቁን የሚያቀርበውን መነጽር አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝና እዚህ አይባረሩም፣ ይቆጠራሉ አለችኝ።

ንስሮቹና ጭላቶቹ የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው በየመስከረሙ ወደ አፍሪካ ሲወርዱ በእኛ ሰፈር ሰማይ ነው የሚያልፉት። መቁጠሩም ዘዴ አለው። ሞቃት አየር ሲያገኙ ክንፋቸውን ዘርግተው እየዞሩ፣ እየዞሩ ሽቅብ ይወጣሉ። ያኔ የቸኮለ ሰው አንዱን ሦስት ጊዜ ይቆጥረዋል። ጫፍ ደርሰው ወደ ደቡብ ተሰልፈው መንሸራተት ሲጀምሩ ነው ሰዓቱ። ከበዙ ደግሞ ዐሥሩን ትቆጥሪና ዐሥር ንስር ምን ያህል ሰማይ እንደሚይዝ በዓይንሽ ለክተሽ በዚያው ትቀጥያለሽ። እንደ አንቺ ቶሎ የገባው ተማሪ የለኝም አለችኝ መምህሬ። ይህን ያለችው እሷ ናት፤ እኔ የጨመርሁት የለም።

ለዳስ በዓሉ ለሱኮት ዕረፍት እንድቆጥርበት የራሴን የሰማይ ቁራጭ ልትሰጠኝ ቃል ገባች፤ ከባሕር ዛፎቹ እስከ ውሃው ማማ ድረስ ያለውን። ከመጣን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር፤ በዚህ አገር የእኔ የሚባል ቦታ ሲሰጠኝ የመጀመሪያዬ ነው። ለዚህ የቀረው፣ መምህሬ በዕብራይስጥ ኢሹር የምትለው የወላጅ ፈቃድ ወረቀት ላይ የእናቴ የጣት አሻራ ብቻ ነበር።

እናቴ ወረቀቱን አልነካችውም። ነፍስ ያለው ነገር እሷ ፊት አይቆጠርም። ስንመጣ አንዲት ጸሐፊ ስንት ልጆች እንዳሏት ስትጠይቃት «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ መለሰች። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች፣ ጠበቀች፣ በመጨረሻ ቁጥሩን የነገርኋት እኔ ነኝ። ሱዳን መጠለያው ውስጥ በየጠዋቱ ገና ተኝተን ሳለን መጥተው ይቆጥሩን ነበር። ታናናሽ ወንድሞቼ እዚያ ቀሩ። ለእናቴ ቁጥር ማለት ያ ነው፤ ማታ ከነበረው ጠዋት የሚያንስ ነገር። «አሁን ደግሞ አንቺ ቆጣሪ ልትሆኚ ነው?» አለችኝ። ሦስት ቀን ከጨቀጨቅኋት በኋላ፣ ሄጄ በዓይኔ ልየው አለች።

ከምታጸዳበት ፋብሪካ ዓርብ ዕረፍት ስለነበረች፣ ነጠላዋን ለብሳ ከሰፈራችን ከኤን ጋኒም በአውቶቡስ አብራኝ መጣች። መምህሬ ወንበሯን ለቀቀችላት። መነጽሩን አልፈልግም ብላ በባዶ ዓይኗ ከሁላችንም ቀድማ «ያውና» አለች። የጠቆመችበት ስናይ ነጥብ ነበር፤ ነጥቡ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ሰማዩ ሞላ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ በዓይኗ ተከተለቻቸው።

ቆይታ ወዴት እንደሚሄዱ ጠይቂያቸው አለችኝ። መምህሬ በእጇ ወደ ደቡብ እያመለከተች አገሮቹን ደረደረች፤ ሲና፣ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ታች። እኔ በአማርኛ ስመልሰው ሲና አልሁ፣ ግብፅ አልሁ፣ ከዚያም ወደ ታች አልሁ። ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«ሱዳንን የት ጣልሽው?» አለች እናቴ ዓይኗን ከሰማይ ሳትነቅል።

ለካ ሱዳን በዕብራይስጥም ሱዳን ነው። ፊቴ ጋለ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። «በይ አሁን ሳታጎድዪ ንገሪያቸው። ለምንድን ነው የሚቆጥሯቸው?»

ሳላጎድል ጠየቅሁ። በጸደይ ሲመለሱም ይቆጠራሉ፣ አለች መምህሬ፤ ካነሱ መንገድ ላይ ምን እንዳገኛቸው ይጠየቃል። ካልተቆጠሩ ግን ቢጎድሉም የሚጠይቅላቸው የለም። ይህንንም ሳላጎድል ተረጎምሁ።

«እኛን ሲቆጥሩን፣ የጎደለው የት ገባ ያለ አልነበረም» አለች እናቴ። ይህን ለመምህሬ እንድነግራት አልጠየቀችኝም፤ አልነገርኋትም።

ከዚያ ወረቀቱን አምጪ አለችኝ። ጣቷን ቀለሙ ላይ ከማሳረፏ በፊት ግን አስጠነቀቀችኝ። «የሚያልፈውን ቁጠሪ። ዛፍ ላይ ያደረውን እንዳትነኪ። ተኝቶ ሳለ ማንም አይቆጠርም።»

በዕረፍቱ ሁለተኛ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አንድ መንጋ ንስር መንገዱን ትቶ የእኔ ሰማይ ጥግ ባሉት ባሕር ዛፎች ላይ ሰፈረ። መምህሬ መዝገቡን ልትዘጋ ስለነበር፣ ያላ፣ ቶሎ በይ፣ በግምት ስንት ይሆናሉ አለችኝ። ነገ ሲነሡ እቆጥራቸዋለሁ አልኋት። ሳትደርሺ ቢነሡስ አለች። እደርሳለሁ አልሁ። ትክ ብላ አየችኝና «በሰደር»፣ እሺ ይሁን፣ ብላ የቁጥሩን ቦታ ባዶ ተወችልኝ።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድሁ። መሬቱ እስኪሞቅ አንዳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ አንዱ ተነሣ፣ ሌላው ተከተለ፣ ዞረው ዞረው ወጡና ተሰለፉ፤ እኔም ቆጠርሁ። ዛፉ ላይ ግን አንድ ቀረ። ክንፉን ዘርግቶ በመንቁሩ ሲያበጥር፣ ሲያበጥር ቀኑ እኩል ሊሆን ደረሰ። ሌሎቹ ቆጣሪዎች ለምሳ ሲበተኑ እኔ ከቦታዬ አልተነቃነቅሁም።

ቤት ስደርስ እናቴ ልብስ ታሰጣ ነበር። ለምን ዘገየሽ አላለችኝም፤ ስንት ናቸውም አላለችኝም።

«ሁሉም ተነሡ?» አለች።

«አንዱ ዘግይቶ ነበር። ጠብቄ እሱንም ሸኝቼው መጣሁ።»

አንሶላውን በአንድ በኩል አስያዘችኝና ጨምቀን አብረን አሰጣነው።