ሳልቀምስ የቀዳሁት ወይን

እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጎቴ ሰበታ ባለው ግቢው ለአጥር ሲባጎ ወጠረ። ሲባጎው ያረጀው የወይን ሐረግ ግንድ ላይ አለፈ።

«ነገ ጠዋት ግንበኞቹ ይቆርጡታል» አለኝ።

ደነገጥኩ። ያጠናሁት ስለ ዕፅዋት ነው፤ ሆለታ ምርምር ማዕከልም ሆነ ሌላ ቦታ ካየኋቸው ወይኖች ይህን የሚመስል የለም። ፍሬው ጥቁር፣ ከአተር ብዙም የማይበልጥ ነው፤ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ አላገኘሁም። ዓምና ከእሱ የጣልኩት ወይን ጠጅ መጀመሪያ ምላስ ይቆነጥጣል፤ ከተዋጠ በኋላ ግን እንደ እንጆሪ ያለ ጣዕም አፍ ውስጥ ይቆያል። ከሱቅ በተገዛ ጠርሙስ ይህን ቀምሼ አላውቅም። ሐረጉ ከተቆረጠ ያ ጣዕም አበቃ።

ድንበርተኛችን ሰፈሩ «ኦቦ» ብቻ እያለ የሚጠራቸው ሽማግሌ ናቸው። ሲባጎውን ሊያዩ መጥተው ነበር።

«እሳቸው ከመሬታቸው አንድ እርምጃ ከለቀቁልሽ አጥሩን አጣምመዋለሁ» አለ አጎቴ፣ እንደማይለቁ እያወቀ።

ለመናገር ስላፈርኩ የዓምናውን ወይን ጠርሙስ አመጣሁ። ቀድቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን እንደያዙ አዩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቀጂው ያልቀመሰችው መጠጥ ለሰው ይሰጣል?»

ረስቼው ነበር። እኛ ዘንድ የቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀድሞ ይቀምሳል።

«ይጠጡ ኦቦ፤ ዩኒቨርሲቲ ሰው መመረዝ አያስተምሩም» አለ አጎቴ።

አልሳቁም። መዳፌ ላይ አፍስሼ ጠጣሁ። ሰው ፊት ጠጥቼ አላውቅም፤ ጉሮሮዬን ሲያዩ ፊቴ ጋለ። ጥቂት ጠብቀው ተጎነጩ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኮመጥጣል» አሉና ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉልኝ። «ጨምሪ።»

ደፈርኩ። «ኦቦ፣ አንድ እርምጃ መሬት ብቻ ቢለቁልን…»

«አይሆንም። ዛሬ እኔ ብለቅ ነገ ልጆቼና አጎትሽ ፍርድ ቤት ይቆማሉ።»

አጎቴ ትከሻውን ሰበቀ። ኦቦ ሁለተኛውን ብርጭቆ ቀስ ብለው ሲጨርሱ አየሁና፣ «ቅርንጫፉንስ እርስዎ ግቢ ብተክለው?» አልኩ።

«ይጸድቃል?»

«ሁሉም ላይጸድቅ ይችላል።»

«የጸደቀውን ከዚህ ሰው አጥር አርቂው» አሉ፣ አጎቴን በአገጫቸው እያመለከቱ።

በማግስቱ ጠዋት ከግንበኞቹ ቀድሜ ተነሳሁ። ቡቃያ ያለባቸውን ቅርንጫፎች እየመረጥኩ በክንድ ልክ ቆረጥኩ፤ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኳቸው። ግንዱን መቁረጥ አልቻልኩም፤ ለእነሱ ተውኩት። ጆንያውን ታቅፌ የኦቦን በር አንኳኳሁ።