ከሰማይ አሰና የገባው አብራሪ

እኔ ዲጋ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከጨመዳ ባቻ ጋር የተዋወቅነው በጃንጥላ ነው፤ የዝናብ ሳይሆን የሰማይ ጃንጥላ። ባለፈው ዓመት አንድ ቀጭን ረጅም ሰው ትልቅ ነጭ ጥቅል ተሸክሞ መጣና ደጃፌ ላይ ዱብ አደረገው። "ይሄን ዳስ አድርግልኝ" አለኝ። ብዘረጋው ከቤቴ አልፎ መንገዱን ሞላው፤ የገበያ አህዮች ሳይቀሩ ቆሙ። እንደዚያ ያለ ጨርቅ በእጄ ነክቼ አላውቅም። ቀዳዳውን ስጥፍ፣ ጠርዙን ስቀመቅም ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እሱም ሁለቱን ቀን ዱካ ላይ ተቀምጦ ሲያወራኝ ዋለ። በአንቱ ብጀምርለት "ገና ሽበት አላወጣሁም፣ አንተ በለኝ" አለ። ስለዚህ በሱ ፈቃድ "እሱ" እያልኩ ነው የምጽፈው። ጽሑፍ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነውና ስፌቱ ቢጣመም ይቅር በሉኝ።

ጨመዳ የነቀምት ልጅ ነው፣ ቡርቃ ጃቶ ተወልዶ ያደገ። ደብረ ዘይት ሄዶ አየር ኃይል ገባና ዳኮታ የሚባለውን ሆደ ሰፊ አውሮፕላን ማብረር ጀመረ። ሥራው አየር ወለድ ወታደሮችን ጭኖ መውጣት ነው። እነሱ በጃንጥላ ይዘላሉ፣ እሱ ባዶውን ይመለሳል። አየር ወለዶች ደግሞ ሲበዛ ነገረኞች ናቸው።

"አንተማ ሹፌር ነህ" ይሉታል። "እስከ በሩ ታደርሰንና ቁርስህን ልትበላ ትመለሳለህ።"

ይሄ ነገር ሲደጋገም ከነከነው። "እሺ፣ እኔም በበሩ እወጣለሁ" አለና የዝላዩን ትምህርት ተማረ። ከዚያ ወዲህ አፉን የሚይዘው ጠፋ።

"ከባዱ መዝለሉ አይደለም" ይላል። "ከባዱ በሩ ላይ ቆመህ ተራህን መጠበቁ ነው። ከዘለልክ በኋላማ ምን ታደርጋለህ? ተመለስ ቢሉህም መመለሻ የለህ።"

ጃንጥላ የሚያጥፍላቸው ሃምሳ አለቃ ወሰኔ የሚባል ሰው ነበር። ጨመዳ ስለ ወሰኔ ሲያወራ ድምፁ ራሱ ይለሰልሳል። "ጄኔራል ሲያልፍ ሰላምታ ሰጥቼ አልፋለሁ። ወሰኔ ሲያልፍ ግን ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ የላሟን ጥጃ ሳይቀር ደህና ናቸው ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። እሱ ቤቱ ተጣልቶ ካደረ የምወድቀው እኔ ነኛ!"

ሰማዩን እንዲህ የሚንቀው ሰውዬ አውቶቡስ ግን ይፈራል። "ከአምቦ ወዲህ በክረምት አውቶቡስ መሳፈር ነው ጸሎት ያስተማረኝ" ይላል። "አውሮፕላን ጭቃ አያውቅም። ተሳፋሪም ወርደህ ግፋ አይባልም።"

መርፌም ይፈራል። ከድርቤ ዋጋሪ ጋር የተገናኙትም በዚሁ ነው። ለእረፍት ነቀምት መጥቶ ወባ ያዘውና ሐኪም ቤት ሄደ። ድርቤ እዚያ ድሬሰር ነበረች። መርፌውን ስታነሳ አልጋው ጥግ ሄዶ ተለጠፈ።

"ከሰማይ የሚዘለው አንተ ነህ?" አለችው።

"ሰማይ መርፌ የለውማ!"

ሳቀች። በቃ፣ አለቀለት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወባው ለቀቀው፣ ድርቤ ግን አልለቀቀችውም።

የድርቤ አባት ኦቦ ዋጋሪ የቡና ነጋዴ ናቸው። በጸሎት ቤታቸውም የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የጨመዳ አጎት ኦቦ ጆቴ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው፣ እንደ ወጉ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ኦቦ ዋጋሪ ግቢ ቆሙ። ሽማግሌ ለልመና ሲመጣ ቆሞ ይለምናል። ባለቤቱ ነገሩን ከተቀበለ "ተቀመጡ" ይላል። እነ ኦቦ ጆቴ ተቀመጡ አልተባሉም።

"ልጁ ጨዋ ነው" አሉ ኦቦ ዋጋሪ። "አባቱንም አውቃለሁ። ግን ልጄን የምድረው መሬት ላይ ለሚውል ሰው ነው። ሰማይ የሚውል ሰው ጌታው ንፋስ ነው። ዛሬ እዚህ ያመጣዋል፣ ነገ የት እንደሚጥለው ማን ያውቃል?"

ሽማግሌዎቹ ሌላ ጊዜም ሄዱ፤ ያው ሣራቸውን እንደያዙ ተመለሱ። ይባስ ብለው ኦቦ ዋጋሪ፣ "የዘንድሮ ቡና ተሸጦ ሲያልቅ ለአንድ የጊምቢ ነጋዴ ልጅ ቃሌን እሰጣለሁ" አሉ። ቡናው ደግሞ መለቀም ጀምሮ ነበር።

ይሄኔ ነው በ1956 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ለነቀምት ሕዝብ የጃንጥላ ዝላይ ይታይ የሚል ትዕዛዝ የመጣው። ጨመዳ ከዘላዮቹ መሐል እንዲያስገቡት አለቆቹን ለመነ። ልቡ ያሰበውን አሰበ። የከተማው ትልልቅ ሰዎች ሜዳው ዳር ወንበር ይዘው ይቀመጣሉ፣ ኦቦ ዋጋሪም አይቀሩም። ልክ እግራቸው ስር ቀስ ብሎ ያርፋል፣ አቧራውን አራግፎ "አካም ጅርቱ ኦቦ?" ብሎ ደህንነታቸውን ይጠይቃቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማን ስለ ንፋስ ያወራል?

ቀኑ ደረሰና ዘለለ። ጃንጥላው ተከፈተ፤ በልቡ ወሰኔን መረቀ። ነቀምት ከታች ተዘርግታለች፤ ቆርቆሮው ያብለጨልጫል፣ በየግቢው የተሰጣው ቡና እንደ ቀይ ቀሚስ ነው። "የእናቴን ቤት በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት" ይላል። "እኔን ስትገርፍበት ያን ያህል ትንሽ አልነበረም።"

ታዲያ በዚህ መሐል ከዲጋ በኩል ንፋስ መጣ። የኛው ንፋስ ነው፣ ምን ይደረግ። ሌሎቹ ጠንከር ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ሜዳው ላይ ወረዱ። ጨመዳ ግን እንጨት የሚያህል ቀጫጫ ነው፣ ንፋሱ ይዞት በሕዝቡ ራስ ላይ አለፈ። ሕዝቡ አንገቱን እያዞረ ሸኘው። ኦቦ ዋጋሪ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቀና ሲሉ አያቸው። ምን እንደሚያደርግ ቢጠፋው፣ እላያቸው ላይ እየበረረ የወታደር ሰላምታ ሰጣቸው።

ሜዳው ለከተማው ቅርብ ነው። የቤት ጣሪያ እግሩን ሊነካ ሲል ወደ ታች ቢያይ፣ የማንጎ ዛፍ ያለበት ግቢ ነው። ግቢውን አወቀው፤ ስንት ጊዜ በአጥሩ ዳር እንዳለፈ እሱና ድርቤ ናቸው የሚያውቁት። ግቢው በሙሉ ቡና ተሰጥቶበታል። ጥግ ላይ፣ ከበረቱ አጠገብ፣ የፍግ ክምር አለ። የአንዱን ወገን ገመድ በሁለት እጁ ጎተተ፣ እግሩን አወራጨ። ጃንጥላው ማንጎው ላይ ተንጠለጠለ፣ እሱ ፍጉ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ።

ሲወጣ ቁርጭምጭሚቱ ወለም ብሏል። በአንድ እግሩ እየዘለለ በረንዳው ድረስ ሄደና እንዳይወድቅ ምሰሶውን በሁለት እጁ አቀፈ።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ። በኛ አገር አሰና የሚባል ወግ አለ። የወደደችውን የከለከሏት ልጃገረድ፣ ልጁ ቤት ድንገት ገብታ ምሰሶ ይዛ እንቢ አልወጣም ትላለች። ምሰሶ የያዘችን ልጅ ሽማግሌ ሳይነጋገርባት ማስወጣት ነውር ነው። ይህን የምታደርገው ሴት ናት። ወንድ አሰና ገባ ሲባል ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

ቤቱ ውስጥ የነበሩት የኦቦ ዋጋሪ ታላቅ እህት አዳዳ ኩምሴ ብቻ ናቸው። አዳዳ ማለት አክስት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ጉልበታቸው እምቢ ስላለ ሜዳው አልሄዱም። ኮሽታ ሰምተው ወጡ።

"ማነህ አንተ?"

"ጨመዳ ነኝ አዳዳ፣ የባቻ ልጅ።"

"ያ የተከለከለው?"

"አዎ፣ ግን..."

አዳዳ "ግን"ን አልጠበቁም። ማንጎው ላይ የተንጠለጠለውን ነጭ ጨርቅ አዩ። ምሰሶውን ያቀፈበትን እጅ አዩ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት።

"ወንድ ልጅ አሰና ገባልን! ያውም ከሰማይ!"

"አዳዳ፣ ማሎ፣ እባክዎ! እግሬ ነው እኮ!"

"ያለ እግር ማን ይገባል ልጄ? እልልል!"

ጎረቤት ተሰበሰበ። ወሬው ገበያ ደርሶ ተመለሰ። ኦቦ ዋጋሪን ከሜዳው ሲመለሱ መንገድ ላይ የተቀበሏቸው አቶ መሸሻ ናቸው። አቶ መሸሻ ከጎጃም መጥተው ነቀምት የከረሙ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ የኦቦ ዋጋሪ ጎረቤትና ዋና ቀልደኛቸው።

"እንኳን ደስ ያለህ ዋጋሪ! ሰው ሁሉ ሙሽራ በበቅሎ ያስገባል፣ ላንተ በነፋስ መጣልህ። በል እንግዲህ ጥሎሹን ከየት እንደምታወርደው አስብ!"

ኦቦ ዋጋሪ ግቢያቸው ሲገቡ ሰው ሞልቷል፣ እልልታው አላባራም። ፊታቸው ጠቆረ።

"ውጣ!" አሉት ጨመዳን።

"ምሰሶ የያዘን ሰው?" አሉ አዳዳ ኩምሴ።

"ኩምሴ፣ እኛ የወንጌል ሰዎች ነን። ይሄ የድሮ ነገር ነው።"

"ወንጌሉስ እግሩ የተሰበረ እንግዳ አስወጡ ይላል? የት ጋ ነው? እስቲ አንብብልኝ።"

ኦቦ ዋጋሪ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞሩ። "ሽማግሌ ይጠራ" አሉ።

ኦቦ ጆቴ ተጠርተው እስኪመጡ ድርቤ እየሮጠች ደረሰች። ጎንበስ ብላ እግሩን በጨርቅ ታስርለት ጀመር።

"አባቴ የሚጠይቁህን እውነቱን መልስ" አለችው በቀስታ። "ውሸት ይሸታቸዋል።"

"ዛሬስ ከኔ የሚሸታቸው ሌላ ነው።"

ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች።

ሽማግሌዎቹ ማንጎው ጥላ ስር ቆሙ። ኦቦ ዋጋሪ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ አሉ።

"ሆን ብለህ ነው ቤቴ የገባኸው ወይስ ንፋሱ ነው ያመጣህ?"

ጨመዳ ወጥመዱ ገባው። ሆን ብዬ ነው ቢል ቤታቸውን ደፈረ፣ በከተማው ፊት መሳቂያ አደረጋቸው። ንፋሱ ነው ቢል ደግሞ ጌታው ንፋስ ነው ያሉት እውነት ሆነ። የትኛውንም ቢመልስ ድርቤ ወደ ጊምቢ መሄዷ ነው። አጎቱ ዝም በል ለማለት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ያ በደብረ ዘይት አፉን የሚይዘው ያጣ ሰው፣ እግሩ ስር ያለችውን ልጅ አየ።

"ንፋሱ ነው፣ ኦቦ" አለ። "እኔስ ያሰብኩት እርስዎ እግር ስር ላርፍ ነበር። አሸነፈኝ።"

"ሰማችሁ?" አሉ ኦቦ ዋጋሪ። "ከራሱ አፍ!"

"አልጨረስኩም። እስከ አጥሩ ድረስ ያመጣኝ ንፋሱ ነው። ከአጥሩ ወዲህ ግን እኔ ነኝ። ወደ ታች ባይ ግቢው በሙሉ ቡናዎት ነው። እሱ ላይ ባርፍ እግሬም ወለም አይል፣ ልብሴም አይበላሽ። ግን የሰው የዓመት ልፋት አይረገጥም ብዬ ገመዱን ጎተትኩ። ፍጉን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ንፋሱ አይደለም። ሄደው ይዩት።"

ኦቦ ዋጋሪ ሄዱ፤ ሰው አልላኩም፣ ራሳቸው ሄዱ። የቡናውን ዳር ዳር ይዘው ዞሩ። አንዲት ፍሬ አልተፈናጠረችም። ፍጉ ላይ ጉልበት የሚውጥ ጉድጓድ አለ፤ አንዱ ጫማም እዚያው ቀርቷል። ጎንበስ ብለው ጫማውን መዘዙት፤ ፍጉ ጧ አለና ለቀቀው። ጫማውን እንዳንጠለጠሉ ተመለሱ።

"ልብሱ አዲስ ነው?"

"ለዛሬ ብዬ ያሰፋሁት ነው፣ ኦቦ።"

ኦቦ ዋጋሪ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሰው የተቆጡ መስሎት ነበር። ሳቅ ነው።

"ንፋስ የወሰደው ሰው አይቻለሁ" አሉ። "አዲስ ልብስ ለብሶ ፍግ የመረጠ ሰው ግን አላየሁም። ጆቴ፣ ሣርህ የታለ?"

"ዛሬ አልያዝኩም። ለልመና መቼ መጣሁ?"

"ሂድ ከዚያ አጥር ስር ነጭተህ ና፤ ከዚያ ተቀመጥ። ሁላችሁም ተቀመጡ።"

አዳዳ ኩምሴ እንደገና እልል አሉ። ኦቦ ዋጋሪ በእጃቸው ዝም አሰኟቸውና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ድርቤ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"መጀመሪያ ይታጠብ" አለች።

ያ የቡና ወቅት ሳያልቅ ተጋቡ። ደብረ ዘይት ሲመለስ አየር ወለዶቹ ሹፌር ማለቱን ትተው "ሙሽሪት" ይሉት ጀመር። ጨመዳ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን በረረ። ኋላ ጆሮው ከፍታ አልችል አለና በሻምበልነት ተሰናብቶ አገሩ ገባ። ሲሰናበት ወሰኔ አገልግሎቱን የጨረሰ አንድ አሮጌ ጃንጥላ ሰጠው። እኔ ዳስ ያደረግሁት ያንን ነው። አሁን ቡርቃ ጃቶ ሰርግ ያለበት ሰው ሁሉ ይዋሰዋል።

እሱ ዛሬ ከአማቱ ጋር ቡና ነው የሚያገላብጠው። ሰማዩ አይናፍቅህም ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ መርፌዬን ሳያስቆም "እኔ ጠግቤዋለሁ። እሱ ነው እኔን ያልጠገበኝ" አለ። ኦቦ ዋጋሪ ደግሞ ንፋስ ሲነሳ ከቤት ወጥተው መጀመሪያ ቡናውን፣ ቀጥለው አማቻቸውን ያያሉ ይባላል።

እባካችሁ ነቀምት ስትመጡ ሄዳችሁ ጠይቁት። ቡርቃ ጃቶ የማንጎ ዛፍ ያለበት የዋጋሪ ግቢ በሉ፣ ማንም ያሳያችኋል። ሰው ሲመጣበት ደስ ይለዋል፣ ታሪኩንም ከኔ አሳምሮ ይነግራችኋል፤ ድርቤም ያጋነነውን ታርምላችኋለች። አዳዳ ኩምሴ አሁንም በረንዳው ላይ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፣ እልልታቸው ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ ስትገቡ ምሰሶውን አትደገፉ፤ በተለይ ያላገባችሁ።