ትንሿ ኮከብ ብቻዋን

ወንድሜ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። የተጋጨ በር ሲመጣለት የቀለሙን ቁጥር አይጠይቅም፤ ዓይቶ ይበጠብጣል፣ ይቀባል፣ ከዚያ ባለ መኪናው ራሱ የትኛው በር እንደተጋጨ ይጠፋዋል። ጋራዡ ውስጥ «ሚዛኑ» ይሉታል። ስለ ቀለም ከእሱ ጋር መከራከር ከግድግዳ ጋር መጋፋት ነው። ደፍራው የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ነች፤ ሚስቱ።

ክርክሩን ያመጣችው ከአንድ ደንበኛው የገዛት ትንሽ ቴሌስኮፕ ነች። ጀምበር ጠልቃ ሲጨላልም፣ ከራት በፊት፣ ጓሮ የልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ያቆሟታል። የሚያዩት ጥንድ ኮከቦችን ነው፤ በባዶ ዓይን አንድ የሚመስሉ፣ በሌንሱ ሁለት የሚሆኑ። ከሁሉም አንድ ጥንድ ይወዳሉ። ትልቁ ብርቱካንማ ነው፣ ትንሿ ጎኑ ሥር ሽጉጥ ብላለች።

«አረንጓዴ ናት» ትላለች ሚስቱ።

«ነጭ ናት! ብርቱካን ቀለም አጠገብ የተቀመጠ ነጭ ዓይን ያታልላል። ሠላሳ ዓመት የቀባሁት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ማስረጃው ቀላል ነበር። ቴሌስኮፗን ካልነኳት ሰማዩ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ትልቁ ቀድሞ ከሌንሱ ይወጣል፣ ትንሿ ለአፍታ ብቻዋን ትቀራለች። ያኔ የራሷ ቀለም ይለያል። ሚስቱ ግን ትልቁ ጫፍ ሊደርስ ሲል ሁልጊዜ ቱቦውን ገፋ ታደርገዋለች። «ምናለ ብትተዋቸው፣ አብረው ይሁኑ» ትለዋለች። እሱ ይነጫነጫል፤ እኔ በኩሽና መስኮት እያየሁ እስቃለሁ።

ከዚያ ልጃቸው ሩቅ ከተማ መንታ ወለደችና እናቷን ጠራቻት። ለሦስት ወር የተባለው ሁለት ዓመት ሞላው። በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፤ ስለ መንቶቹ ጥርስ፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ያወራሉ። «ነይ» የሚለው ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። ታናሽ እህቱ ነኝ፣ የምንኖረውም አንድ ግቢ ነው፤ ሁለት ሳህን አውጥቶ አንዱን ሲመልስ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ።

«ናፈቅሽኝ ብትላት ምላስህ ይቆረጣል?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሆድ ይፍጀው» አለኝ። ግትር!

ባለፈው ሳምንት ቴሌስኮፗን አወጣት። ሁለቱ ኮከቦች ላይ አነጣጠረና እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። ገባኝ። አሁን ቱቦውን የሚገፋበት የለም። ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። ቀና ሲል ፊቱ የረታ ሰው ፊት አልነበረም።

«ነጭ ናት» አለኝ። «ደስ ግን አይልም።»

ስልኩን አውጥቶ ደወለ፤ ጆሮው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ትልቁ እስኪወጣ ጠብቄ አየኋት። ብቻዋን ስትሆን ነጭ ናት።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለች ሚስቱ። ከኋላዋ አንደኛው መንታ ያለቅሳል። «ታዲያ ድምፅህ ምን ሆነ?»

የቀለም ቅሪት የማይለቀውን አውራ ጣቱን አሻሸ።

«ነይ» አለ። «ናፍቀሽኛል። ነይ በቃ።»

«ልጆቹ መዋያ ሲገቡ እመጣለሁ» አለች፤ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማኝ። «እስከዚያ እነዚያን ኮከቦች መልሰህ አገናኛቸው።»

ስልኩ ተዘጋ። ወንድሜ ቱቦውን በጣቱ ገፋ አደረገና ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ።

«አረንጓዴ ናት» አለ፤ ልትሰማው የሚገባት ግን ስልኩን ዘግታለች።