ለፈረንጁ የመለስኩለት ፌዝ

አባቴ መሪጌታ ነበር። የመቱ ከተማ ሰው ድምፁን ሲያደንቅ ኖረ፤ እጁን የማውቀው እኔ ነኝ። ወንድ ልጅ ስላልወለደ ዜማውን ቤት ውስጥ እኔን አስተማረኝ። ሕጉ አንድ ነበር፦ መምህሩ ያለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ መመለስ። መምህሩ ቢስት እንኳ ስህተቱን እንዳለ መመለስ ነው፤ ማረም የእሱ ፋንታ ነው። "ለምን?" ያለ ኩርኩም ይቀምሳል። ጆሮዬ የተሳለው እንዲህ ነው።

ትምህርት ቤታችን አንድ ህንዳዊ መምህር መጥቶ ቫዮሊን ሲያስጀምረን አባቴ እንቢ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር። ጎበዝ የወጣ ልጅ አዲስ አበባ ተወስዶ በመንግሥት ወጪ እንደሚማር ሲሰማ ግን፣ "የአዝማሪ ዕቃ" ይለው የነበረውን ቫዮሊን "የበገና ዘመድ" ብሎ አከበረው። ጥቅም ሲመጣ የማያጎነብስ አንገት የለም። ለእኔ ግን ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ነበር፤ ካልተመረጥኩ በጥር ያዮ ላለ ቡና ነጋዴ ልዳር ነው። ሰውየውን አይቼዋለሁ፤ አባቴን በዕድሜ ይበልጣል።

ከአዲስ አበባ የተላከው መራጭ ፈረንጅ በአውሮፕላን ጎሬ ወርዶ፣ ከዚያ በመኪና ጭቃውን እየረገመ መቱ ደረሰ። ጥቂት ቀን አሠልጥኖን አንድ ልጅ ይዞ ሊመለስ ነው። ወላጆች ከአዳራሹ ዳር ተቀምጠው ያያሉ፤ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ያስተረጉማሉ። ሰውየው ጣታችን በሳተ ቁጥር በቫዮሊኑ መምቻ ደጋን ጫፍ አንጓችንን ይመታል። ማስተማር በዱላ መሆኑን እናውቃለንና ማናችንም አልገረመንም።

በመጨረሻው ቀን ተራዬ ደረሰ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ "ጀባዹ" ብላ በኦሮምኛ አይዞሽ አለችኝ። እጄ በርዶ ስለነበር ገና ስጀምር ክሩ ሲጢጥ አለ። ፈረንጁ ቫዮሊኑን ቀማኝና እኔን ሆኖ ተጫወተ፤ ትከሻውን ሰብስቦ፣ አንገቱን አጣሞ፣ ክሩን ሲጢጥ እያደረገ፣ መጨረሻው ላይ በአፍንጫው እንፍ ብሎ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ መሣሪያውን መልሶ በአገጩ "ቀጥይ" አለኝ።

እኔ ምን አውቃለሁ? መምህሩ ብሏል፣ ተማሪ ይመልሳል። መለስኩ። ትከሻውንም፣ ሲጢጥታውንም፣ እንፍታውንም። ሳላፍር እናገራለሁ፣ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነነፍሱ እንዲያ ሊመልሰው የሚችል ሌላ ልጅ አልነበረም። አሁን ሰው የሚስቀው በፈረንጁ ላይ ሆነ። አንገቱ ደም መሰለ።

ዳይሬክተሩ "እያላገጠችብኝ ነው፣ እንዲህ ያለች ባለጌ አልወስድም ብለዋል" ሲሉ አስተረጎሙ።

አባቴን አየሁት። ያደረግሁትን ከሰው ሁሉ እሱ ያውቃል። ብድግ ሲል፣ ሊያስረዳልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጋቢውን አስተካክሎ መጣና ሰው ሁሉ እያየ በጥፊ አጮለኝ። ከዚያ ለፈረንጁ እስከ መሬት እጅ ነሳ። ፈረንጁም ሌላ ልጅ መረጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዝናብ ጀመረ።

"አባባ፣ አጥፍቼ ነው?" አልኩት።

"አላጠፋሽም። አመላለስሽ እንከን የለውም።"

"ታዲያ ለምን መቱኝ?"

ዞሮ እንኳ አላየኝም።

"ከሁለታችን አንዳችን መዋረድ ነበረብን" አለኝ።

በጥር ዳረኝ።