የገጨኝ ሰው ሲጠይቀኝ

ጭሮ የሄድኩት ለዝውውር ጉዳይ ነበር። ገለምሶ ማስተማር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ወደ ጎጃም፣ ወላጆቼ ወዳሉበት ልዛወር ብዬ ያመለከትኩት የት እንደደረሰ ለመጠየቅ ዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባሁ። "ገና ነው፣ ጠብቂ" አሉኝ። ከዚያ ወጥቼ ወደ መናኸሪያ ስሻገር ቁልቁል የመጣ ባጃጅ ገጨኝ። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ተሰበረ።

ነጂው አልሸሸም። አርባዎቹን የተሻገረ ቀጭን ሰው ነው። ከሰው ጋር ተጋግዞ ወደ ሆስፒታል ሲወስደኝ "አብሽሪ እህቴ፣ አብሽሪ" ይለኝ ነበር።

"አስታማሚሽ ማን ነው?" አለችኝ ነርሷ።

"ማንም የለኝም።"

ቀና ብላ አየችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ክፍያ አልጠየቀችኝም፤ በመኪና አደጋ የተጎዳ ሰው መጀመሪያ ይታከማል፣ ሒሳቡ በኋላ ከኢንሹራንሱ ይጠየቃል አለችኝ።

ትራፊክ ፖሊሱ ቃሌን ሊቀበል ሲመጣ የነጂውን ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አይቶ ነበር። "ዕድለኛ ነሽ" አለኝ። "ያለዚህ መንዳት በሕግ ክልክል ነው፤ ግን ሳያሳድስ የሚነዳ ስንት አለ። ደግሞ በቅርቡ መንግሥት የሽፋኑን ጣሪያ ከፍ አድርጎታል። በድሮው ቢሆን ከጣሪያው ያለፈውን ወጪ ይሄ ሰውዬ ባጃጁን ሸጦ ነበር የሚከፍልሽ።"

ዕድለኛ መሆኔን አመንኩ። ግን ክፍሉ ውስጥ የሌሎቹ አልጋ ሁሉ በዘመድ ተከቧል። በኦሮምኛ ይሳሳቃሉ፣ ይጎራረሳሉ። እኔ የማውቀው ኦሮምኛ ለገበያ የሚበቃ ብቻ ነው። ርእሰ መምህሬ አንድ ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። ለእናቴ እንዳትደነግጥ ብዬ አልነገርኳትም፤ ስትደውል "ፈተና እያረምኩ ነው" እላታለሁ።

የሚጠይቀኝ የገጨኝ ሰው ብቻ ሆነ። ሥራውን ሲጨርስ ሚስቱ የሠራችውን ሾርባ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል። "እርስዎ" ብሎ ይጀምርና "አንቺ" ላይ ይጨርሳል።

"ጎጃም ሩቅ ነው፣ ቲቸር?"

"ሩቅ ነው።"

"ታዲያ እዚህ ማን አለሽ?"

ፔርሙዙን አቀበልኩት። ሾርባውን ቀድቶ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳይቸኩል ይቀመጥ ጀመር። ስለ ልጆቹ፣ መቻራ ስላለው የአባቱ ቡና ያወራልኛል።

አንድ ቀን የኢንሹራንሱ ሠራተኛ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ መብቴን አንድ በአንድ አስረዳኝ። "ከእንግዲህ ጉዳይሽ ከእኛ ጋር ነው፤ ከሰውዬው ጋር የምትጨራረሺው ነገር የለም" አለኝ። አመሰገንኩት።

በማግሥቱ ሰውዬው ቀረ። በሌላውም ቀን አልመጣም። መጠየቂያ ሰዓት በደረሰ ቁጥር በሩ ይከፈታል፣ የሚገባው የሌላ ሰው ዘመድ ነው። የሚከፍልለት ሲያገኝ ተገላገለኝ ብዬ አዘንኩበት። እግሬ ከተሰበረ ጀምሮ ያን ቀን ነው ያለቀስኩት፤ ብርድ ልብሱን ተሸፋፍኜ፣ ማንም እንዳያየኝ።

ከሆስፒታሉ ስወጣ በክራንች እየተደገፍኩ ወደ በሩ አዘገምኩ። ባጃጆች ተሰልፈዋል፣ እሱም መሐላቸው ነበር። ሲያየኝ ደነገጠ።

"ለምን ቀረህ?" አልኩት።

"ኢንሹራንሶቹ ከልክለውኝ ነው። ከተጎጂዋ ጋር እንዳትነጋገር፣ ችግር ይመጣብሃል አሉኝ።"

"ስለ ካሳ እንዳትደራደር ማለታቸው ነው እንጂ አትጠይቃት አላሉህም!"

"ወላሂ እንደሱ አልገባኝም፣ ቲቸር። ሚስቴ በየቀኑ ጠይቃት እያለች ትጣላኛለች።"

ልቆጣው ነበር ሐሳቤ፤ ፊቱን ሳየው ግን ከእኔ ያላነሰ የተጨነቀ ሰው ነው።

መናኸሪያ አደረሰኝ። ገለምሶ በሚሄደው ሚኒባስ የፊት ወንበር ያዘልኝና ለሹፌሩ "ሱታ ኦፊ" አለው፤ ቀስ ብለህ ንዳ ማለቱ ነው። ስንንቀሳቀስ እጁን አነሳ፣ እኔም አነሳሁ። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲሆን እንደዋወላለን፤ ተገናኝተን ግን አናውቅም።

ያን ቀን ገለምሶ ስደርስ ቤቴ አቧራ ለብሷል፤ ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፌ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩና ለእናቴ ደወልኩ።

"እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትደንግጪ" አልኳት።